እንቅልፍ የነሳት ሕመሙ ነው ወይስ ሕመሙን ያባሰው እንቅልፍ ማጣቷ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው አዳማ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ከዓመት በፊት ሁለቱ ጉልበቶቿና አንዱ ቁርጭምጭሚቷ አብጠው፣ ከብዙ ምርመራ በኋላ የልጆች አርትራይተስ ነው ተባለ። በሳምንት አንድ ቀን ሜቶትሬክሴት የተባለውን በሽታውን የሚገታ መድኃኒት፣ ጠዋትና ማታ ፕሬድኒሶሎን ትወስዳለች። አይቡፕሮፌን ሽሮፕ ደግሞ ሲያማት ብቻ እሰጣታለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ሲደክማት፣ 12 ሰዓት አካባቢ። ማታ እስከ 4 ሰዓት ስትገላበጥ ትቆያለች። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ «ጉልበቴን» እያለች ታለቅሳለች። ጠዋት ተገትራ ነው የምትነሳው፣ እስከ 4 ሰዓት ድረስ በደንብ አትራመድም፤ ከሰዓት በኋላ ግን ከልጆች ጋር ትሯሯጣለች። ጎረቤቶች ትምህርት ቤት ላለመሄድ ታስመስላለች ይሉኛል። ቀን ላስተኛት? የእንቅልፍ መድኃኒትስ ይሰጣታል? ለመሆኑ እንቅልፍ የነሳት ሕመሙ ነው ወይስ ሕመሙን ያባሰው እንቅልፍ ማጣቷ?

ምላሽ፦

ሁለቱም ነው እህቴ፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም። ሕመም ልጅን ከእንቅልፍ እንደሚያባንን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልግም፣ እርስዎ በየሌሊቱ እያዩት ነው። ብዙ ወላጅ የማይገምተው የመልስ መንገዱን ነው። እንቅልፍ ያጣች ልጅ በማግስቱ እብጠቱ ሳይጨምር፣ ጉልበቷ ያው ሆኖ ሳለ፣ ሕመሙ ይብስባታል። አርትራይተስ ያለባቸው ልጆች የዕለት ሕመማቸውንና እንቅልፋቸውን በየቀኑ እንዲመዘግቡ በተደረገባቸው ጥናቶች፣ ከመጥፎ ሌሊት ቀጥሎ የሚመጣው ቀን ሕመሙ ከፍ ብሎ ታይቷል። ሲክል ሴል የተባለው የደም በሽታ ባለባቸው ልጆችም ነገሩ በሁለቱም አቅጣጫ ሲዞር ተመዝግቧል፦ ሕመም የበዛበት ቀን ሌሊቱን ያበላሻል፣ የተበላሸው ሌሊት የነገውን ሕመም ያከብዳል። በጥቅሉ ሲታይ እንቅልፍ በነገው ሕመም ላይ ያለው ጫና፣ የዛሬ ሕመም በዛሬው ሌሊት ላይ ካለው ይበረታል።

ይህን ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። «ሕመሙ ይሻላት እንጂ እንቅልፉ ራሱ ይመጣል» እያለ ወራት የሚጠብቅ ቤተሰብ ብዙ ነው። ሐኪሞችም ብንሆን ስለ እብጠቱ፣ ስለ ደም ምርመራው፣ ስለ ክብደቱ እንጠይቅና ሌሊቱን እንዘለዋለን። እኔ የምመክርዎት ተቃራኒውን ነው። የልጅዎን ሌሊት እንደ አንድ የበሽታው ክፍል ቆጥረው፣ ሕመሙ እስኪያልቅ ሳይጠብቁ አሁኑኑ ይያዙት።

ለምን እንዲህ ይሆናል? አንጎል ከሰውነት የሚደርሰውን የሕመም መልእክት ሁሉ እንዳለ አይቀበልም፤ በህብለ ሰረሰር በኩል ወደ ታች ትእዛዝ እየላከ ያለዝበዋል። እንቅልፍ ሲጎድል ይህ የማለዘብ ሥራ ይዳከማል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲነቁ በተደረጉ አዋቂዎች ላይ በተወሰደ የአንጎል ምስል፣ ስሜትን የሚቀበለው የአንጎል ክፍል ከወትሮው በላይ ሲነሣ፣ ሕመሙን መዝኖ የሚያቀለው ክፍል ደግሞ ሲደክም ታይቷል። እንቅልፍ ማጣት ብግነትን፣ ማለትም መገጣጠሚያን የሚያሳብጠውንና የሚያግለውን የሰውነት ምላሽ፣ የሚያባብሱትን የሰውነት ኬሚካሎችም ከፍ ያደርጋል፤ አርትራይተስ ራሱ የብግነት በሽታ ስለሆነ ይህ በቁስል ላይ ጨው ነው። በሦስተኛ ደረጃ ስሜት አለ። እንቅልፍ ያላገኘ ልጅ ይነጫነጫል፣ ይፈራል፣ ተስፋ ይቆርጣል፤ የተከፋ ልጅ ደግሞ ሕመሙን የሚችልበት አቅሙ ያንሳል። በዚህ ላይ የእድገት ሆርሞን በብዛት የሚለቀቀው በጥልቅ እንቅልፍ ጊዜ ነው። አርትራይተስም ሆነ ፕሬድኒሶሎን እድገትን ሊያዘገዩ ስለሚችሉ፣ ልጅዎ የምታጣው ሰዓት ለእርሷ ከሌላው ልጅ ይልቅ ውድ ነው።

አሁን ወደ ጎረቤቶችዎ ልመለስ። ጠዋት ተገትራ የምትነሳ፣ ከሰዓት በኋላ የምትሯሯጥ ልጅ ስታስመስል አይደለም፤ አርትራይተስ ማለት ይኸው ነው። ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ብግነትን የሚያበርድ ሆርሞን፣ ኮርቲሶል፣ በእኩለ ሌሊት አካባቢ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ይሆናል። ወደ ንጋት ሲጠጋ ብግነት ቀስቃሾቹ ከፍ ይላሉ። መገጣጠሚያው ደግሞ ሌሊቱን ሳይንቀሳቀስ ስለሚያድር ይደርቃል። ስትንቀሳቀስ ይፈታል፣ ከሰዓት በኋላ ትሮጣለች። እንዲያውም ነገሩ ተገላቢጦሽ ቢሆን ኖሮ፣ ማለትም ጠዋት ደህና ሆና ሲመሽ ብቻ ሁለቱን እግሮቿን ቢያማትና ሲነጋ ምንም ባይኖር፣ በትንንሽ ልጆች ላይ የተለመደውንና ጉዳት የሌለውን የእግር ሕመም እጠረጥር ነበር። የጠዋት መገተር ከግማሽ ሰዓት በላይ፣ ከዚያም አልፎ እስከ 4 ሰዓት ከቆየ ግን በሽታው ገና በደንብ አልተገታም ማለት ነው። ስለዚህ ለጎረቤት የሚሰጡት መልስ አለዎት፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ለሐኪሟ የሚነግሩት ዋና ነገር አለዎት። በሽታው በመድኃኒት በሚገባ ሳይያዝ ስለ አልጋና ስለ ትራስ ብናወራ ዋጋ የለውም።

ከደብዳቤዎ ውስጥ ዓይኔን የሳቡት ሁለት የሰዓት ጉዳዮች ናቸው።

የመጀመሪያው አይቡፕሮፌኑ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ሰጥተው፣ ልጅቷ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ትነቃለች። በመካከሉ ያለው ስምንት ሰዓት ነው። አንድ የአይቡፕሮፌን መጠን የሚሠራው ደግሞ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ነው። መድኃኒቱ የሚያልቅበት ሰዓትና ለቅሶው የሚጀምርበት ሰዓት መገጣጠማቸው በእኔ ግምት አጋጣሚ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የልጆችን የቆየ ሕመም አስመልክቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣውና በ2019 ባነሣው መመሪያ፣ የማያቋርጥ ሕመም ያለበት ልጅ ማስታገሻውን ሕመሙ ሲመጣ ሳይሆን በተወሰነ ሰዓት እንዲወስድ ያዝ ነበር። ሕመሙ ከተነሣ በኋላ ማሳደድ ብዙ መድኃኒት ይፈልጋል፣ ልጅቷንም ያስለቅሳል። እንግዲህ ሐኪሟን «የመጨረሻውን መጠን ከእራት ጋር፣ ወደ መኝታ ሰዓቷ ላስጠጋው ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ናፕሮክሲን የተባለው የዚያው ቤተሰብ መድኃኒት አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ስለሚቆይ ሌሊቱን ሊሸፍን ይችላል፤ እርሱንም ያንሱት። ነገር ግን ሁለቱን በአንድ ጊዜ፣ ወይም ከእነርሱ በአንዱ ላይ ዳይክሎፌናክ የተባለውን የዚያው ቤተሰብ ማስታገሻ ደርበው በፍጹም አይስጡ፤ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ። የአይቡፕሮፌን መጠን በልጅ ክብደት ነው የሚሰላው፤ ለአንድ ጊዜ በኪሎ ግራም ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም ነው። አንድ ማንኪያ ስንት ሚሊ ግራም እንደያዘ ከብልቃጡ ላይ ያንብቡ፤ የቤት ማንኪያ አይመኑ፣ ከሽሮፑ ጋር የሚመጣውን መለኪያ ይጠቀሙ። ሁልጊዜ ምግብ ከበላች በኋላ ይሁን። ተቅማጥ ወይም ትውከት ይዟት ውኃ ባነሳት ቀን ግን አይስጡና ሐኪሟን ያማክሩ።

ሁለተኛው የማታው ፕሬድኒሶሎን ነው። ይህ መድኃኒት የኮርቲሶል ዘመድ ነው። ኮርቲሶል ደግሞ ሰውነት ጠዋት ለመንቃት የሚጠቀምበት ስለሆነ፣ ማታ ሲሰጥ ለብዙ ልጅ «ነግቷል፣ ተነሥ» እንደ ማለት ይሆንበታል። ልጁ ይገላበጣል፣ ይርበዋል፣ ሽንት ይመላለሳል፣ አንዳንዱም ያለ ምክንያት ይቆጣል ወይም ያለቅሳል። ልጅዎ እስከ 4 ሰዓት የምትገላበጠው ሕመሟ ብቻ ላይሆን ይችላል። በብዙ ልጆች ላይ ፕሬድኒሶሎን ጠዋት ብቻ፣ ከቁርስ ጋር ይሰጣል። ሐኪሟ ለሁለት የከፈለው አስቦበት ሊሆን ይችላል፤ በሽታው በጣም በተነሣበት ጊዜ መከፋፈሉ የተሻለ ይሠራል። ስለዚህ በራስዎ ወደ ጠዋት አያዙሩት፤ በተለይም በድንገት እንዳያቋርጡት። መድኃኒቱን ለሳምንታት የወሰደ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት ስለሚቀንስ፣ በአንዴ ማቆም ለሕይወት አደጋ ነው። መጠየቅ ግን መብትዎ ብቻ ሳይሆን ግዴታዎ ነው።

ሜቶትሬክሴቱን በተመለከተ የምለው አጭር ነው። በወሰደችበት ቀንና በማግስቱ ካቅለሸለሻት፣ ቀኑን ወደ ዓርብ ማታ ማዞር ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ፤ ቅዳሜ ትምህርት ስለሌለ ታርፋለች። ከእርሱ ጋር የሚታዘዘው ፎሊክ አሲድ የተባለው ቪታሚንም እንዳይረሳ።

ቀጥሎ ያለው ለጥንቃቄ ነው፣ አይደንግጡ። የሌሊት ሕመም ሁሉ የእንቅልፍ ጉዳይ አይደለም። አንዱ መገጣጠሚያ በድንገት ቀልቶ፣ ግሎ፣ ትኩሳት ተጨምሮበት ልጅቷ አላስነካም ካለች፣ ያው አርትራይተሷ ነው ብለው እንዳያድሩ፤ የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለባት። ትኩሳት በራሱም አይናቅ፤ የምትወስዳቸው መድኃኒቶች የመከላከል አቅሟን ያዳክማሉ፣ አዳማ ደግሞ የወባ አገር ናት። ክብደቷ እየቀነሰ ከሄደ፣ ከገረጣች፣ ሳትመታ ሰውነቷ ከበለዘ፣ አጥንቷን ከእብጠቱ መጠን በላይ እያመማት ሌሊት የምትጮህ ከሆነ፣ የደም ምርመራው እንደገና መታየት አለበት፤ የደም ካንሰር አንዳንዴ አርትራይተስ መስሎ ይመጣል። ሌላው የዓይን ጉዳይ ነው። ይህ በሽታ ዓይንን ከውስጥ ሊያቃጥል ይችላል፤ ያውም ሳይቀላ፣ ሳያም። የዓይን ሐኪም በልዩ መሣሪያ ካላየው በቀር አይታወቅም። በጥያቄዎ ውስጥ የዓይን ምርመራ ስላልጠቀሱ ነው ያነሣሁት።

መድኃኒቱ መልክ ከያዘ በኋላ ወደ ማታው እንምጣ። በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለባት። ማታ 2 ሰዓት ተኩል ተኝታ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ብትነሣ አሥር ሰዓት ይሆናል፤ ጥሩ ነው። ግን ከነገ ጀምሮ 2 ሰዓት ተኩል ላይ አልጋ ውስጥ አያስገቧት። እስከ 4 ሰዓት የማትተኛ ልጅ ቀድማ ብትጋደም የሚጨምረው እንቅልፏ ሳይሆን መገላበጧ ነው፤ አልጋው የሥቃይ ቦታ ይሆንባታል። በመጀመሪያ የመነሻ ሰዓቷን ያጽኑ፤ ቅዳሜም እሑድም ያው 12 ሰዓት ተኩል ይሁን። የመኝታ ሰዓቷን ደግሞ እውነት እንቅልፍ ወደሚመጣበት፣ ለምሳሌ ወደ 3 ሰዓት ከሩብ ያስጠጉትና፣ ቶሎ መተኛት ስትጀምር በየጥቂት ቀኑ ሩብ ሰዓት እየቀነሱ ወደ ኋላ ይመልሱት። ለእናት አንጀት ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ስታንቀላፋ አይቶ መቀስቀስ ጭካኔ ይመስላል። ሆኖም ቅዳሜ እስከ 4 ሰዓት የተኛች ልጅ እሑድ ማታ እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ሕመሟና ትምህርት ቤቱ አንድ ላይ ይጠብቋታል።

አዳማ ሙቀቷ ራሱ ፈተና ነው። ሰውነት እንቅልፍ እንዲወስደው ትንሽ መቀዝቀዝ አለበት። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት የቀኑን ፀሐይ ይዞ ስለሚያመሽ፣ በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ልጅን 2 ሰዓት ላይ ማስተኛት ከንቱ ድካም ነው። አጎበሩን ሳይተዉ ቤቱን ከመሸ በኋላ ያናፍሱ፤ ቀለል ያለ የጥጥ ልብስ ያልብሷት። ንጋት ላይ አየሩ ሲቀዘቅዝ ጉልበቷ እንዳይበርደው ስስ ነጠላ እግሯ ሥር ይቀመጥ። ከመኝታ አንድ ሰዓት ተኩል ቀደም ብሎ ለብ ባለ ውኃ መታጠብ ሁለት ጥቅም አለው፤ ጡንቻዋን ያፍታታል፣ ከውኃው ስትወጣ ደግሞ ሰውነቷ ስለሚቀዘቅዝ እንቅልፍ ይጠራል። ጠዋት እንደተነሣችም ጉልበቷን በሙቅ ፎጣ መሸፈን ወይም እግሯን ሞቅ ባለ ውኃ ውስጥ ማንቀሳቀስ መገተሩን ያሳጥረዋል። ሶደሬ ቅርባችሁ ነው፤ ሙቁ ውኃ ለሰንበት ጨዋታ ሆኖ መገጣጠሚያዋንም ያንቀሳቅሳል። በሽታውን ያድናል ብሎ መድኃኒት ማቋረጥ ግን የማይታሰብ ነው። ያበጠውን ጉልበት ወጌሻ ዘንድ ወስዶ ማሳሸትም እንዲሁ፤ የተቃጠለ መገጣጠሚያ መታሸት አይፈልግም።

ስለ ቡና ላንሳ። በየቤታችን ቡና ሲፈላ ልጆች ከበረካው ይቀምሳሉ፣ «ለልጅ ምን አላት፣ ቀጭን ናት» ይባላል። ካፌይን በሰውነት ውስጥ ለረጅም ሰዓታት ይቆያል። አሥር ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና፣ ጠንካራ ሻይ ወይም ኮካ ኮላ ማታም እየሠራ ነው። ለዚች ልጅ ከምሳ በኋላ አንዱም አይሰጣት። ቴሌቪዥኑም እንደዚሁ ነው። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ አባት ዜና፣ ታላቅ ወንድም ኳስ፣ እናት ድራማ በሚያዩበት ሰዓት ልጅቷን «ዓይንሽን ጨፍኚ» ማለት ፍርድ አይደለም። የቤቱ ሰው ሁሉ ለሁለት ሳምንት ያህል ከ3 ሰዓት በኋላ ድምፅና ብርሃን ለመቀነስ ይስማማ። ስልክም ከአልጋው ይራቅ።

አልጋ ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል ሳትተኛ ከቆየች ትነሣና ደብዘዝ ባለ ብርሃን ሥዕል ትቀባ፣ ተረት ትስማ፤ እንቅልፍ ሲመጣ ትመለስ። ከዚያ ውጭ ቀን ቀን የምታለማምዷት አንድ ነገር አለ። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ በአፍንጫዋ ቀስ ብላ ታስገባለች፣ ከማስገቢያው በረዘመ ጊዜ ደግሞ በአፏ ታስወጣለች፤ ይህን እያደረገች የምትወደውን ቦታ በዝርዝር ታስባለች፦ አያቷ ቤት አሰላ ከሆነ፣ የግቢው ዛፍ፣ የላሞቹ ድምፅ፣ የሚጨሰው ማድቤት። ለልጅ ይህ ጨዋታ ይመስለዋል እንጂ ለቆየ ሕመም ከሚሰጡ ሕክምናዎች አንዱ ነው። ሕመሙ በበረታበት ሌሊት አዲስ ነገር መማር ስለማይቻል ግን ልምምዱ በደህናዋ ሰዓት ይሁን።

ሌሊት 8 ሰዓት ስትነቃ ምን ይደረግ? ቀድመው የወሰኑት አንድ መንገድ ይኑር። መብራት አይብራ። «ምን ያህል ያምሻል? የት የት?» የሚለውን ምርመራ ያሳጥሩት፤ ሐኪሟ ለሌሊት የፈቀደላት ማስታገሻ ካለ ይስጧት፣ ጉልበቷን በጨርቅ ያሙቁ፣ ትንፋሹን አብረው ይሥሩ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ያባብሏት። የወላጅ ጭንቀት የበዛበት ጥያቄ የልጁን ሐሳብ ሕመሙ ላይ ያቆመዋል። ይህ ማለት ዝም ይበሏት ማለት አይደለም። ሕመሟን ማመን አንድ ነገር ነው፣ በየሰዓቱ መቀስቀስ ሌላ። ቀንም ቢሆን «ዛሬስ አመመሽ?» ከማለት «ዛሬ ምን ተጫወታችሁ?» ቢሏት ይሻላል፤ ካመማት ራሷ ትነግርዎታለች።

አብሬያት ብተኛስ ብለው እንደሚያስቡ እገምታለሁ። ልጅ ለብቻው ክፍል ይተኛ የሚለው ምክር ለሌላ ቤት የተጻፈ ነው፤ በእኛ ቤት ልጅ ከእናቱ ጋር መተኛቱ ነውር የለበትም፣ እኔም እንደ ችግር አላየውም። ችግር የሚሆነው እርስዎም ሳይተኙ ሲያድሩ ነው። አባቷ ወይም አክስቷ ከሳምንቱ የተወሰኑ ሌሊቶችን ይረከቡ።

የቀን እንቅልፉን ከፈለገች ከ9 ሰዓት በፊት፣ ከግማሽ ሰዓት ሳያልፍ ትተኛ። ከትምህርት ቤት መልስ 11 ሰዓት ላይ የሚተኛ እንቅልፍ ከሌሊቱ የተወሰደ ብድር ነው። ከዚያ ይልቅ መንቀሳቀስ ይጠቅማታል፤ ከሰዓት በኋላ መሯሯጧን አይከልክሏት። እግሯን ማታ ማታ «አላስቀምጥ አለኝ፣ ካላንቀሳቀስኩት አይሆንልኝም» የምትል ከሆነ ግን ሕመም ሳይሆን የብረት ማነስ ሊሆን ስለሚችል ያንን ለሐኪም ይንገሩ፤ በደም ምርመራ ይታወቃል፣ ይታከማልም።

የእንቅልፍ መድኃኒት፦ አይስጡ። ፋርማሲ ገብተው «ለልጅ የሚያስተኛ» ሲሉ የሚሰጥዎት አብዛኛውን ጊዜ የአለርጂ መድኃኒት ነው። ያደነዝዛል እንጂ ሕመሟን አያነሣም፣ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋታል፣ አንዳንድ ልጅ ላይ ደግሞ ተገልብጦ ያቅበጠብጠዋል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ፕሮሜታዚን ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ትንፋሽ እስከ ማቆም ሊያደርስ ስለሚችል ታናሽ ልጅ ካለ ከቤት አይኑር። ኮዴይንና ትራማዶል ያለባቸውን ማስታገሻዎችም ከ12 ዓመት በታች ላለች ልጅ አይስጡ፤ አንዳንድ ልጆች ሰውነታቸው መድኃኒቱን በጣም ፈጥኖ ስለሚለውጠው ትንፋሻቸው ይታፈናል። ያደሩ ሕመሞችን ለማከም ሐኪም የሚያዛቸው ሌሎች መድኃኒቶች አሉ፤ እነርሱ በክትትል ብቻ የሚሰጡ ናቸው።

ጥያቄዎ ስለ አንዲት ልጅ ቢሆንም በሌላ በሽታ ልጅ የሚያስታምሙ ሰዎችም እንደሚያነቡት አስባለሁና ጥቂት ልጨምር። በካንሰር ሕክምና ላይ ያለ፣ የተቃጠለ ወይም ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ልጅ ሆስፒታል ሲተኛ፣ ሙቀቱን ለመለካት በአንድ ሰዓት፣ መርፌ ለመስጠት በሌላ፣ ግሉኮስ ለመቀየር በሦስተኛ ሰዓት ይቀሰቀሳል። ነርሶቹን በትሕትና «እነዚህን በአንድ ጊዜ ማድረግ ይቻላል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ሁልጊዜ ባይቻልም ብዙ ጊዜ ይቻላል። መናገር የማይችል፣ የአንጎል ጉዳት ያለበት ልጅ ደግሞ ሕመሙን የሚናገረው በእንቅልፉ ነው። ፊቱን ካጨማደደ፣ እግሩን ካጠፈ ወይም ከገተረ፣ ሲያባብሉት አልረጋ ካለ ያመመው ነገር አለ፤ የዳሌ መውለቅ፣ የሆድ ድርቀት፣ የጨጓራ አሲድ መመለስ መፈለግ አለበት። በመጨረሻም ተኝቷልና አላመመውም አይባል። ሕመም ያደከመው ልጅም ይተኛል።

ለቀጠሮ አዲስ አበባ የምትመላለሱ ከሆነ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በፍጥነት መንገዱ ቶሎ ቢደረስም፣ ጠዋት ካርድ ለማግኘት ብዙ ቤተሰብ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ይነሣል። ሐኪሙ ፊት የምትቀርበው ልጅ እንቅልፍ ያጣች፣ ከመኪና የወረደች፣ ከወትሮዋ በላይ የተገተረች ልጅ ናት። ወይም ደግሞ ከሰዓት በኋላ ተረኛ ሆና፣ ተፍታታ፣ ደህና መስላ ትታያለች፤ የሚጨመረው መድኃኒት ሳይጨመር ይቀራል። በሁለቱም መንገድ ሐኪሙ የሚያየው እውነተኛዋን ልጅ አይደለም። ለዚህ መድኃኒቱ ደብተር ነው። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ጥቂት ነገር ይጻፉ፦ ስንት ሰዓት እንደተኛች፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደነቃች፣ ጠዋት መገተሩ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየ፣ እያንዳንዱ መድኃኒት በስንት ሰዓት እንደተሰጠ። የሕመሙን መጠን ልጅቷ ራሷ ከ0 እስከ 10 ትስጠው፤ በዘጠኝ ዓመቷ በደንብ ትችላለች፣ እርስዎ አይገምቱላት። ገጹን ለሐኪሙ ሲያሳዩ መገተሩን የያዘውን መስመር ያስቀድሙ፤ የሜቶትሬክሴቱ መጠን ይበቃ እንደሆነ የሚያመለክተው እርሱ ነው። ትምህርት ቤቷም ከሐኪም በተጻፈ ወረቀት የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ አርፍዳ እንድትገባ፣ ቁጭ ብላ ስትቆይም ተነሥታ እንድትንቀሳቀስ ቢፈቅድላት፣ በየጠዋቱ የሚነሣው ግብግብ ይቀንሳል።

ቀጠሮዋ ሩቅ ከሆነ ሁሉንም አያሳድሩት። ደብተሩንና የመነሻ ሰዓቱን ዛሬ ይጀምሩ። የማታውን ፕሬድኒሶሎንና የአይቡፕሮፌኑን ሰዓት ጉዳይ ግን ነገ ጠዋት ወደምትከታተልበት ክሊኒክ ደውለው ወይም ሄደው ይጠይቁ።